ካንጋ፦ ጽሑፉን አንብቦ መግዛት፣ ማሰር እና ስጦታ መስጠት

ካንጋ፣ ማለትም የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ ሴቶች የሚለብሱትን ጽሑፍ ያለበት የጥጥ ጨርቅ፣ ሲገዙ ከቀለሙ በፊት ጽሑፉን ያስነብቡ። ከሞምባሳ፣ ከዛንዚባር ወይም ከዳሬሰላም ለእናቱ ወይም ለአማቱ ስጦታ ይዞ የሚመለስ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ዓይኑ የገባውን ቀለም መርጦ ያስጠቀልላል፤ ጨርቁ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ስዋሂሊ ግን ጌጥ አድርጎ ይቆጥረዋል። የጠረፉ ሴቶች ጨርቁን የሚጠሩት በዚያ ጽሑፍ ነው፤ የሚለብሱትም የሚሰጡትም እሱን አይተው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ጨርቁን ከመለየት ጀምሮ እስከ መስጠት ሲሄድ ብዙ የሚቆየው ጽሑፉ ላይ ነው።

መጀመሪያ ካንጋ መሆኑን ይለዩ

በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሦስት የሚምታቱ ጨርቆች ያገኛሉ። ኪቴንጌ ወፈር ያለ ነው፤ አንዱ ንድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይደጋገምበታል፣ ዙሪያውን የሚከብ ጥለትም ሆነ ጽሑፍ የለውም፣ በያርድ ወይም በሜትር ተለክቶ ለልብስ ሰፊ ይወሰዳል። ኪኮይ የሚታተም ሳይሆን የሚሸመን ነው፤ ባለ መስመርና ባለ ዘርፍ ሆኖ በተለይ ወንዶች እንደ ሽርጥ ያገለድሙታል። ካንጋ ግን ስስ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ አራቱንም ጎን የሚዞር ጥለት አለው፣ ጽሑፍ አለው፣ በጥንድ ይሸጣል። ኬንያ ውስጥ ሌሶ ቢሉዎት ያው ካንጋ ነው።

ሌሶ የሚለው ስም ከፖርቹጋሎች መሐረብ የመጣ ሲሆን የጨርቁን አጀማመርም ይነግራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የጠረፉ ሴቶች ስድስት የታተሙ መሐረቦችን ሁለት በሦስት አድርገው እያሰፉ ትልቅ መከናነቢያ ይሠሩ ነበር፤ ነጋዴዎች ይህን አይተው በአንድ ወጥ ጨርቅ ማሳተም ጀመሩ። ቀደምቶቹ ንድፎች በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ስለነበሩ ጨርቁ በጅግራ ስም ካንጋ ተባለ።

ክፍሎቹንና ልኩን ይወቁ

አንዱ ካንጋ ርዝመቱ 150 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 110 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ዶቲ ይባላሉ። ከፋብሪካ የሚወጡት ሳይቆረጡ፣ በአጭሩ ጎን ተያይዘው ነው።

ዙሪያውን ያለው ሰፊ ጥለት ፒንዶ ነው። መሐሉ ምጂ ይባላል፤ አበባው፣ የካሹ ፍሬው፣ ጀልባው፣ ነጠብጣቡ ሁሉ እዚያ ነው። ጽሑፉ ጂና ወይም ኡጁምቤ ሲሆን የሚገኘው ከታችኛው ረጅም ጥለት ከፍ ብሎ፣ በርዝመቱ እኩሌታ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በጠባብ ሣጥን ውስጥ ነው። ጽሑፉ ያለበት ጎን የታች ጎን መሆኑን ያስታውሱ፤ በኋላ ሲያስሩ የሚመሩበት እሱ ነው። ዳሩን ተከትለው በደቃቅ ፊደል የንድፍ ቁጥርና የነጋዴውን ስም የሚያዩ ከሆነ እሱ የንግድ ምልክት ነውና ከመልእክቱ ጋር አይቀላቅሉት። በጣም የሚታወቀው «ማሊ ያ አብዱላ» የሚለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ሞምባሳ ውስጥ የተከፈተውና በቢያሻራ መንገድ ላይ ያለው የካደርዲና ሐጂ ኢሳቅ ሱቅ ምልክት ሲሆን፣ አባባል ጨርቁ ላይ የማሳተም ልማድ የተስፋፋውም በእሱ እንደሆነ ይነገራል። በመጀመሪያ ጽሑፉ በዐረብኛ ፊደል ነበር፤ የላቲኑ ፊደል በኋላ ተካው።

ጽሑፉን ማንበብ

ስዋሂሊ ባያውቁም ሦስት ነገር ማጣራት ይችላሉ፦ ምን ይላል፣ ማን ለማን ሊለው ይችላል፣ ሰሙ ስር ምን ወርቅ አለ? ሻጩን «ኢናሴማጄ?» ብለው ይጠይቁ፤ ምን ይላል ማለት ነው። ነገር ግን በአንድ ሰው ትርጉም አይርኩ። ሻጭ መሸጥ ስለሚፈልግ «ጥሩ ነው፣ የፍቅር ነው» ሊልዎት ይችላል። አጠገብዎ የቆመች ሌላ ገዢ ሴት ካለች እሷን ይጠይቁ፤ ጽሑፉ ነገር ካለበት ፈገግታዋ ቀድሞ ይነግርዎታል።

ጽሑፎቹን በአራት መክፈል ለመምረጥ ይረዳል፤ ድንበሩ ግን ጥብቅ አይደለም።

የመጀመሪያው የምስጋናና የቡራኬ ነው። «ናኒ ካማ ማማ» እንደ እናት ማን አለ? ይላል። «ዋዛዚ ኒ ዛሃቡ፣ ኩዋቱንዛ ኒ ሳዋቡ» ወላጆች ወርቅ ናቸው፣ እነሱን መጦር ጽድቅ ነው እንደማለት ነው። «ዌማ ሃኡኦዚ» በጎ ሥራ አይበሰብስም። «ሆንጌራ» የሚል ቃል ካለበት የደስታ መግለጫ ነው። እነዚህን ለማንም ቢሰጡ ብዙም አይሳሳቱም።

ሁለተኛው የሃይማኖትና የጥበብ ነው። «ሲሲ ሶቴ አቢሪያ፣ ዴሬቫ ኒ ሙንጉ» ሁላችንም ተሳፋሪ ነን፣ ሾፌሩ እግዚአብሔር ነው ይላል። «ኡሲሳፊሪዬ ኞታ ያ ምዌንዚዮ» በባልንጀራህ ኮከብ አትጓዝ፣ ማለትም የሰው ዕድል ላይ ተንጠልጥለህ የራስህን መንገድ አትምራ ነው። የመጀመሪያው ለሁሉም ይሆናል። ሁለተኛው ምክር ነው፤ ምክር ደግሞ ከታላቅ ለታናሽ ሲሆን ያምራል። ለእኩያዎ ከሰጡት «እኔን መምሰል ተዪ» ብለው የተናገሩ ሊመስል ይችላል።

ሦስተኛው የፍቅርና የትዳር ነው። «ምኪፔንዳና ማምቦ ሁዋ ሳዋ» ከተዋደዳችሁ ሁሉም ይስተካከላል ይላል፤ ለሙሽሮች ጥሩ ነው። «ጃፖ ሲፓቲ ታማ ሲካቲ» ባላገኝም ተስፋ አልቆርጥም ይላል። ይህን ሴት ለራሷ ብትገዛው የጽናት ቃል ይሆናል፤ ወንድ ላላገባት የሥራ ባልደረባው ቢሰጣት ግን ያለጥርጥር ልመና ነው። ጽሑፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰጪና ተቀባይ ነው።

አራተኛው የነገርና የሽሙጥ ሲሆን ስዋሂሊዎች ማፉምቦ የሚሉት የተሸፈነ ንግግር ዋና ቦታው እዚህ ነው። «ሃሲዲ ሃና ሳባቡ» ምቀኛ ሰበብ አያስፈልገውም ማለት ነው። «ማጂቩኖ ሃያፋይ» ትዕቢት አይጠቅምም። «ናኦጎፓ ሲምባ ና ሜኖ ያኬ፣ ሲኦጎፒ ምቱ ኳ ማኔኖ ያኬ» አንበሳን ከነጥርሱ እፈራለሁ፣ ሰውን ግን በወሬው አልፈራም ይላል፤ በስዋሂሊ «ሜኖ» እና «ማኔኖ» ቤት ስለሚመቱ አፍ ላይ ይጥማል። ሴት እንዲህ ያለውን ለብሳ በጎረቤቷ ደጅ ስታልፍ፣ ወይም ጎረቤቷ ከምትታይበት ገመድ ላይ ስታሰጣው፣ የተነገረው ለማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ተቀባይዋ ከሳምንት በኋላ በሌላ ካንጋ ልትመልስ ትችላለች። ይህ የሚሠራው ተናጋሪዋ ሁልጊዜ መሸሻ ስላላት ነው፤ «ምን አልኩሽ? ቀለሙን ወድጄው ነው» ብትላት ማንም ሊከሳት አይችልም። በአደባባይ ጮኾ መጣላት ነውር በሆነበት ሰፈር ይህ ትልቅ መብት ነው።

የእኛ ነጠላ በአጣጣሉ ይናገራል፤ ለሐዘን፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለደስታ የጥለቱ ቦታ ይለያያል። ካንጋ ላይ ግን የሚናገረው በዋናነት ጽሑፉ ስለሆነ በአለባበስ ማስተካከል አይቻልም። የተሳሳተ ጽሑፍ በትክክል ቢታሰርም የተሳሳተ ነው።

ይህ ጨርቅ ለምን ይህን ያህል ክብደት እንዳገኘ አንድ የታሪክ ነጥብ ያስረዳል። በዛንዚባር ባርያ የነበሩ ሴቶች የሚለብሱት ያልነጣ ሜሪካኒ የሚባለውን ከአሜሪካ የሚመጣ አቡጀዲ፣ ወይም ካኒኪ የሚባለውን በኒል የጠቆረ ጨርቅ ነበር። የባርነት ሕጋዊነት እ.ኤ.አ. በ1897 ከቀረ በኋላ ነፃ የወጡት ሴቶች ደማቅ ካንጋ መልበስን የነፃ ሰውነታቸው ምልክት አደረጉት። ዛሬም በሥርዓት የሚለበስ ካንጋ አዲስና ደማቅ እንዲሆን ይፈለጋል፤ የደበዘዘው ለቤትና ለማጀት ነው።

ከጊዜው ጋር ማዛመድ

ለሠርግ ቀዳሚው ኪሱቱ ነው፦ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ያለው፣ ንድፉ ብዙ ያልተለወጠ የድሮ ካንጋ። በጠረፉ ከሙሽራዋ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለሙሽራ ስጦታ ሌላ ምንም ቢመርጡ ኪሱቱ መጨመር ያስከብራል። በሠርግ ላይ ሴቶች አንድ ዓይነት ካንጋ ለብሰው ሲመጡ ሳሬ ይባላል። ሳሬ ለማስመረጥ ከተጠሩ የሚፈለገውን ብዛት አስቀድመው ይቁጠሩ፤ አንድ ንድፍ ሲያልቅ ያንኑ እንደገና ማግኘት አይረጋገጥም፣ ቢገኝም የቀለሙ ድምቀት ሊለይ ይችላል።

ለወላድ ሲሆን ብዛት ከጌጥ ይቀድማል። በታንዛኒያ ሴት ለመውለድ ስትሄድ በርከት ያሉ ንጹሕ ካንጋዎች ይዛ ነው፤ ለራሷ፣ ለአልጋውና ሕፃኑን ለመጠቅለል። ሁለት ዶቲ ቢሰጧት ከአንድ ውድ ቀሚስ ይበልጥ ትደሰታለች። እዚህ ጨርቁ ያልተቀላቀለ ጥጥ መሆኑ ግዴታ ነው።

ለለቅሶ የሚሄዱ ከሆነ ፀጥ ያለ ቀለምና የሃይማኖት ወይም የትዕግሥት ቃል ይምረጡ። የፍቅርና የሽሙጥ ጽሑፍ ቤት ይቅር።

ፖለቲካውንም አይርሱ። በታንዛኒያ በምርጫ ሰሞን ካንጋ በነፃ ይታደላል፤ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ የመሪ ፎቶ ካለበት የገዢው ፓርቲ የሲሲኤም ነው። ለማስታወሻ መያዝ ይቻላል፤ ለብሶ አደባባይ መውጣት ግን ወገንተኝነት ነው። ሁሉም የፖለቲካ ካንጋ እንዲህ አይከብድም፦ እ.ኤ.አ. በ2008 ባራክ ኦባማ ሲመረጡ የወጣው «ሆንጌራ ባራክ ኦባማ» የሚለው ካንጋ ደስታ ብቻ ነበር፤ ጽሑፉም ፍቅርንና ሰላምን እግዚአብሔር ሰጠን የሚል ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

በሞምባሳ ቢያሻራ መንገድ፣ በዳሬሰላም የካሪያኮ ገበያና አጠገቡ ያለው ኡሁሩ መንገድ፣ በዛንዚባር ደግሞ ዳራጃኒ አማራጭ ይበዛባቸዋል። ባሕር ዳርቻ ላይ ለቱሪስት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ጥንድ ሳይሆን አንድ ካንጋ ብቻ ነው፤ ዋጋ ሲነገርዎ የዶቲ ይሁን የአንድ ብቻ ይጠይቁ።

ጨርቁን ሙሉ በሙሉ ያስዘርጉ። መጀመሪያ ጥለቱ ከጨርቁ ዳር እኩል ርቆ እየሄደ መሆኑን ይዩ፤ አንዱ ጫፍ ላይ ሰፊ፣ ሌላው ላይ ጠባብ ከሆነ ሲታተም ተዛንፏል፣ ሲለበስም ጠማማ ይመስላል። ቀጥሎ ሁለቱም ካንጋዎች ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ መሆኑንና ፊደል ያልተዋጠበት መሆኑን ያረጋግጡ። ቀለሞቹ እርስ በርስ የሚገናኙበት ቦታ ነጭ ክፍተት ካሳየ ማተሚያው ተንሸራቶ ነበር።

ከዚያ ጨርቁን በሁለት እጅ ይዘው ይሹት። ነጭ ብናኝ ከወጣ ወይም የተሸበሸበው ቦታ ድንገት ከለሰለሰ ውፍረቱ የስታርች ነው፤ አንዴ ሲታጠብ ወንፊት ይሆናል። ወደ ብርሃን ሲያነሱት ክሮቹ ተራርቀው ከታዩም ያው ነው። የቀለሙን ጥንካሬ ለማየት ነጭ ሶፍት በትንሹ አርጥበው ጥቁሩ ወይም ቀዩ ላይ ይጫኑ። ጥቂት ቢነካው ችግር የለውም፤ ሶፍቱ ሙሉ በሙሉ ከቀላ ግን ነጩ መደብ በመጀመሪያው እጥበት ይበላሻል።

ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ከተቆረጠው ጫፍ አንድ ክር ስበው ከሱቅ ውጭ ያቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ፖሊስተሩ ቀለሙን ይዞ ይቆያል፣ አይጨማደድምም፤ ሆኖም ላብ አይመጥም፣ ወገብ ላይ ይንሸራተታል፣ ሕፃን ለማዘል አይታመንም።

መቁረጥ፣ መቀምቀም፣ ማጠብ

ስጦታ ከሆነ አይጠቡት፣ አይቁረጡትም። ተያይዞ፣ ከነእጥፋቱ የሚሰጥ ዶቲ አዲስነቱን ያስመሰክራል።

ለራስዎ ከሆነ በመጀመሪያ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡት። ጨውና ኮምጣጤ የታተመ ቀለም ያጸናሉ የሚባለው እምነት ብቻ ነው፤ የሚሠራው ትርፉ ቀለም እስኪያልቅ ውሃ እየለወጡ ማለቅለቅ ነው። ዘፍዝፈው አያሳድሩ፤ ቀዩ ነጩ ላይ የሚቀመጠው ሲዘፈዘፍና እርጥቡ ተጣጥፎ ሲቆይ ነው። በረኪና አያስጠጉ። ገልብጠው ጥላ ላይ ያስጡት። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ከመቀምቀም በፊት መታጠቡ ጥቅም አለው፤ አለዚያ ስፌቱ ይጨማደዳል።

በሁለቱ ካንጋዎች መካከል ያልታተመ ጠባብ መስመር አለ። እኩሌታውን ይዘው በመቀስ ይቁረጡ። በእጅ መቅደድ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ቅዳዱ የሚከተለው ክሩን ነው፣ ሕትመቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከክሩ ጋር እኩል አይሄድም፣ ስለዚህ ጥለቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሁለቱ ረጅም ጎኖች የሽመናው የራሱ ዳር ስለሆኑ ስፌት አይፈልጉም። አጭሮቹን ጎኖች ግማሽ ሴንቲ ሜትር አጥፈው፣ እንደገና ያንኑ ያህል አጥፈው፣ በጥለቱ ቀለም ክር ይቀምቅሙ። ቦታው ጠባብ ከሆነ ጥለቱ ውስጥ ትንሽ መግባት ይሻላል፤ በነጠላ እጥፋት የተሰፋ ጫፍ ከጥቂት እጥበት በኋላ ይተረተራል።

ቀሚስ ለማሰፋት ካሰቡ ለሰፊዋ ጽሑፉ የት እንዲውል እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይንገሯት። ካልተነገራት እኩሌታው ላይ ትቆርጠዋለች፤ የተቆረጠ አባባል ደግሞ ስዋሂሊ አንባቢ ፊት ያስቃል።

ማሰር

የወገቡ እንዲህ ነው። ጽሑፉ ከታችና ወደ ውጭ ሆኖ፣ ካንጋውን በጀርባዎ በኩል በአግድም ይዘርጉ፤ የርዝመቱ እኩሌታ አከርካሪዎ ላይ ይሁን። ግራውን ጫፍ ወደ ቀኝ ዳሌ፣ ቀኙን በላዩ ወደ ግራ ዳሌ ይሳቡ። የላይኛውን ጠርዝ አጥብቀው ይዘው ጫፉን ጠምዝዘው ይወሽቁ፣ ከዚያ ጠርዙን አንዴ ወይም ሁለቴ ወደ ውጭ ይጠቅልሉ። የሚፈታው ብዙ ጊዜ ከላይ ላላ ብሎ ስለተያዘ ነው፤ ቋጠሮ ማብዛት አያድነውም። በዚህ አስተሳሰር ጽሑፉ ከኋላ፣ እግር ላይ ወደ ታች ይውላል፤ ከኋላ የሚመጣ ሁሉ ያነበዋል፣ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ለራስና ለትከሻ ነው። የላይኛው ረጅም ጠርዝ እኩሌታ ግንባር ላይ ይረፍ። ቀኙ ጫፍ በፊት ይውረድ፣ ግራው በአገጭ ስር አልፎ በቀኝ ትከሻ ላይ ወደ ኋላ ይጣል። ጽሑፉ ወገብ አካባቢ ይወርዳል። ሁለቱም ካንጋ ላይ ጽሑፉ ቀጥ ብሎ መነበብ አለበት፤ ተዘቅዝቆ ከታየ ለባሿ የማታነብ ወይም እንግዳ እንደሆነች ያስታውቃል።

በደረት ማሰር፣ ማለትም በብብት ስር አዙሮ ሁለቱን ጫፍ ከጡት በላይ መቋጠር፣ የቤትና የመታጠቢያ ነው። በባሕር ዳርቻ ሆቴሎች ጫፎቹን አንገት ላይ ማሰር ተለምዷል፤ ያንን ለብሶ የዛንዚባር ድንጋይ ከተማ ውስጥ መዞር ግን እንደ ራቁትነት ይታያል።

ሕፃን ለማዘል በደንብ የታጠበና የለሰለሰ ጥጥ ይጠቀሙ። አጎንብሰው ሕፃኑን ጀርባዎ ላይ ካስተካከሉ በኋላ ጨርቁን ከብብቱ እስከ ጉልበቱ ስር ያዳርሱ፤ አንዱን ጫፍ በትከሻ፣ ሌላውን በተቃራኒው ብብት ስር አምጥተው ደረትዎ ላይ ሁለቴ ይቋጥሩ። አንገቱ ላልጠና ሕፃን ይህ አይሆንም።

ሲሰጡ

ሙሉ ዶቲ ይስጡ። ግማሹን ብቻ መስጠት ትርጉም የሚኖረው ሌላው ግማሽ እርስዎ ጋ ሲቀር ነው፤ እናትና ልጅ ወይም የልብ ጓደኞች አንዱን ዶቲ ተካፍለው ሲለብሱ ቅርበታቸውን ያሳያሉ። ለማይቀርቡት ሰው ነጠላ ካንጋ ስስት ይመስላል።

ለእናት ከመጀመሪያው ምድብ የወደዱትን ይውሰዱ። ለአማት የሃይማኖት ቃል ይሻላል፤ ስለ ትዳር የሚናገር ማንኛውም ጽሑፍ በአማትና በምራት መካከል ሁለት ፊት ይኖረዋል። ለጎረቤት «ዌማ ሃኡኦዚ» ይበቃል፤ ኩርፊያ ካለ ግን እሱም ቢሆን «ያደረግሁልሽን አትርሺ» ሊመስል ስለሚችል ይተዉት። ባል ለሚስቱ የፈለገውን የፍቅር ቃል መምረጥ ይችላል።

ተቀባይዋ ስዋሂሊ የማታነብ ከሆነች፣ አዲስ አበባም ትኑር ዋሽንግተን፣ ትርጉሙን በአማርኛ በትንሽ ወረቀት ጽፈው እጥፋቱ ውስጥ ያስገቡ። ባዕድ አገር ከኬንያ ወይም ከታንዛኒያ ሰው ጋር አንድ አውቶቡስ ውስጥ መቆሟ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን ማወቅ ይገባታል።